ቆርጠነው የበዛው የላፍቶ ቁጥቋጦ

ዓምና በኅዳር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ፣ አርባ ያህል ተማሪዎች ገጀራና መጥረቢያ ይዘን ከስድስት ኪሎ ወደ ላፍቶ መውረዳችን ይታወሳል። ዓላማችን በአንድ የድንጋይ ካባ ዙሪያ የበቀለውን መጤ ቁጥቋጦና ዛፍ መንጥረን፣ በክረምት ችግኝ የሚተከልበትን ስፍራ ማዘጋጀት ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንቆርጥ ውለን፣ ላባችንን ጠርገን፣ ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ እየዘፈንን ተመለስን። በዚሁ መጽሔትም ስለ ሥራችን አንድ ገጽ ሙሉ ምስጋና ለራሳችን ጽፈን እንደ ነበር አንባቢ አይዘነጋውም።

በዚህ ዓመት በግንቦት አራት ሆነን ስፍራውን ልናይ ሄድን። ምስጋናውን የጻፍነው እኛው ስለ ሆንን እውነቱንም መጻፍ የኛው ዕዳ ነው። ቁጥቋጦው ዓምና ከነበረው በዝቶ ጠበቀን። አንድ ግንድ ቆርጠን በሄድንበት ጉቶ ላይ አምስትና ስድስት ቀንበጥ ቆሟል፤ ቅርንጫፉን ጎትተን በጣልንበት የአፈር ክምር ላይ ደግሞ ፊት ያልነበረ ቡቃያ እንደ ጎመን መደብ ተነጥፏል። የካባው ዘበኛ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ቆመው አዩንና «ልጆቼ፣ መቼ ነቀላችሁት? አጥር እንደሚከረከም ከርክማችሁት ሄዳችሁ፤ እሱም ደስ አለው» አሉን።

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። ስለ ዕፅዋት ልንናገር ብንነሣ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሳይስቁብን አይቀሩም። ነገር ግን በሚመጣው ሰኔ እንደገና ወደ ላፍቶ እንውረድ የሚል ሐሳብ በማኅበራችን ውስጥ ስላለ፣ ከመውረዳችን በፊት ምን እንደ ተሳሳትን አንብበንና ጠይቀን የደረስንበትን ማካፈል ይገባናል ብለን ነው።

በስሙ እንጀምር፤ ስም የኛ ሙያ ነውና። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ዛፍ ነው። እንግዲህ ዛሬ ግራር ፈልጎ ለማግኘት ሰፈር ለሰፈር መዞር የሚያስፈልግበት ይህ አገር በግራር የተጠራ ነው ማለት ነው። ካባ የምንለው ድንጋይ የሚፈነቀልበት ጉድጓድም ከትከሻ ላይ ከሚደረበው ካባ ጋር ዝምድና የለውም፤ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። ቃሉ እንደ አንዳንዱ ቁጥቋጦ መጤ ቢሆንም ማንም ይነቀል አይልም። መጤ መሆን ብቻውን በደል አይደለምና ይህን ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

የካባ ሥራ የሚጀመረው ከድንጋዩ ሳይሆን ከአፈሩ ነው። መጀመሪያ ዶዘር ገብቶ ላይኛውን ጥቁር አፈር ገፍፎ ይከምራል። ከዚያ በታች ያለው ገረጋንቲ ለመንገድ መሙያ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ነው ጥቁሩ ድንጋይ፣ ባዛልት የሚሉት፣ የሚገኘው። እሱም እየተበሳ በድማሚት ይፈነዳል፤ በገልባጭ መኪና ተጭኖ ወደ መፍጫው ይወሰዳል፤ ጠጠር ይሆናል። አንዱ ወገን ሲያልቅ ሥራው ወደሚቀጥለው መሬት ይሻገራል። ስለዚህ አንድ ካባ ምንጊዜም ሦስት ዓይነት መሬት አለው፤ ነገ የሚገፈፍ፣ ዛሬ የሚቆፈር፣ ትናንት ያለቀለት። እኛ ዓምና ይህን ልዩነት ሳናውቅ ሦስቱንም እኩል ነበር የጨፈጨፍነው።

ለመጤ ተክል ከዚህ የተሻለ ቤት አይገኝም። መሬቱ ተራቁቷል፤ ፀሐይ እንደ ልብ ነው፤ የሚሻማ ነባር ሣር የለም፤ ከብትም ድምፁንና አቧራውን ፈርቶ ብዙ አይደፍረውም። በደህና ጊዜ ከነባሩ ዕፅ ጋር ታግሎ የማያሸንፈው ተክል፣ እዚህ ሲደርስ ባለቤት የሌለው ርስት አገኘ ማለት ነው።

በዚያ ካባ ያየነውን እንንገራችሁ። ከሁሉ የበዛው የወፍ ቆሎ ነው። ይህ ከአሜሪካ ሞቃት አገሮች ወጥቶ ለአበባው ውበት በዓለም የተዘራ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ በብዙ ግቢ አጥር ሆኖ ይታያል። ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል፤ ወፎች ይለቅሙታል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ቅጠሉ ለከብት መርዝ ነው። ቀጥሎ ባሕር ዛፍ አለ። ከአፈሩ ክምር ግርጌ ደግሞ ቅንጨ አረም አለ፤ እሱ ቁጥቋጦ ሳይሆን አረም ቢሆንም አብሮ ስለሚሄድ ልንተወው አልቻልንም። ጉሎም ሞልቷል። ዓምና ጉሎውን እንደ ጠላት ቆጥረን በግንባር ቀደምትነት ነበር የፈጀነው። ሆኖም ጉሎ የራሳችን የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ነው። ክትክታና እምቧጮም እንደዚሁ የአገር ልጆች ናቸው፤ የተራቆተ መሬት ላይ ቀድመው የሚደርሱ፣ አፈር የሚይዙ ናቸው። ስንት የክትክታ እግር በመጥረቢያችን እንዳለቀ ስናስበው ያሳፍረናል። ለመንቀል የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የማይነቀለውን ማወቅ ነበረበት።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተታችን እንምጣ፤ ይኸውም ቅርንጫፉን የአፈሩ ክምር ላይ መጣላችን ነው። ያ ጥቁር አፈር ቆሻሻ መስሎን ነበር፤ የካባው ሀብት ግን እሱ ነው። ድንጋዩ ሲያልቅ ጉድጓዱ ላይ ተመልሶ የሚለብሰው፣ ሣርና ዛፍ የሚያበቅለው እሱ ብቻ ነው። በውስጡ የነባሩ ዕፅ ዘርና ሥር፣ በዓይን የማይታዩም ፍጥረታት አሉበት። ከፍ ብሎ ከተከመረ ታችኛው አየር አጥቶ ይሞታል፤ ለዚህ ነው በደንብ በተያዙ ካባዎች ክምሩ ከ2 ሜትር እንዳይበልጥ የሚመከረው። ራቁቱን ለዓመታት ከተተወ ደግሞ መጤው ይወርሰዋል፤ ዘሩን ያራግፍበታል። ያ አፈር በመጨረሻ ጉድጓዱ ላይ ሲለብስ መሬቱን ሳይሆን አረሙን ነው የምናለብሰው። እኛ በኅዳር፣ የወፍ ቆሎው ፍሬ ጠቁሮ ባለበት ወር፣ ፍሬውን ከነቅርንጫፉ ወስደን እዚያ ክምር ላይ አራገፍነው። ወፍ እንኳ እንዲህ አድርጋ አትዘራም! እርጥብ አፈር ላይ የተጣለ የወፍ ቆሎ ግንድም ራሱ ሥር እንደሚሰድ ኋላ ተረዳን።

ሁለተኛው የጉቶው ነገር ነው። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ የሚያቆጠቁጥ መሆኑን አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሕፃን ያውቃል፤ ከተማው መቶ ዓመት ያህል እሳት የሞቀው በዚሁ ጠባዩ ነው። እኛም እናውቅ ነበር፤ ዕውቀታችንን ግን ከመጥረቢያው ጋር አላገናኘነውም። አንድ ትልቅ ዛፍ ይመግብ የነበረ ሥር በድንገት የሚመግበው ሲያጣ፣ ያለውን ስንቅ ሁሉ ለጥቂት ቀንበጦች ይሰጣል፤ ስለዚህ ቀንበጡ ከዘር ከበቀለው ችግኝ እጅግ ፈጥኖ ያድጋል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጉቶው እንደ ተቆረጠ ፊቱ ሳይደርቅ በደቂቃዎች ውስጥ የአረም መድኃኒት መቀባት ነው፤ ይህ የሠለጠነ ሰው፣ ጓንትና ጥንቃቄ የሚፈልግ ስለ ሆነ፣ በተለይም የሰፈሩ ሰዎች ልብስ የሚያጥቡበት ውኃ ካባው ውስጥ ስላለ፣ ለኛ ዓይነቱ ዘማች የሚሰጥ አይደለም። ሁለተኛው ትዕግሥት ነው፤ ቀንበጡን ገና ለጋ ሳለ በእጅ እየገነጠሉ፣ በየወሩ እየተመለሱ፣ ሥሩ ያጠራቀመው ስንቅ እስኪያልቅ መጠበቅ። አንድ ቅዳሜ ሳይሆን ሃያ ቅዳሜ ማለት ነው። የወፍ ቆሎና ትንንሹ ችግኝ ግን መሬቱ በዝናብ ሲርስ ከነሥሩ ይነቀላል፤ በኅዳር የደረቀውን መሬት ስንታገል ግንዱ በጃችን እየተበጠሰ ሥሩ የቀረው ለዚህ ነበር።

ሦስተኛው ነገር ለመጻፍ የሚከብደን ነው፤ ቢሆንም መጻፍ አለበት። በሥራ ላይ ያለ ካባ እንደ ተራ ጫካ አይመነጠርም። የገደሉ ጫፍ ላይ የበቀለ ዛፍ ሥሩን በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ሰድዶ ድንጋዩን ይፈለቅቃል፤ ስለዚህ መወገድ አለበት፤ ያው ሥር ግን የተፈለቀቀውን ድንጋይ አቅፎ የያዘም እሱ ነው። ዓምና ከመካከላችን ሦስት ሰዎች ጫፉ ላይ አንድ ጉቶ ሊፈነቅሉ ሲታገሉ፣ የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ ተንዶ ወደ ታች ሄደ። ታች ጠራቢዎች ምሳ በልተው የተነሡበት ስፍራ ላይ ነው ያረፈው። ማንም አልተጎዳም፤ እኛም በምስጋናው ገጽ ላይ ይህን አላነሣነውም። አሁን እንደ ተረዳነው ጫፍ ላይ ያለ ዛፍ አይፈነቀልም፤ ከሥር ሰው በሌለበት ሰዓት፣ የካባው ኃላፊ ቆሞ፣ ይቆረጥና ጉቶው በመድኃኒት ይገደላል። ቅርፊቱን ዙሪያውን ገፍፎ ቆሞ እንዲደርቅ መተው በሌላ ቦታ ጥሩ ዘዴ ነው፤ እዚህ ግን የደረቀ ዛፍ በነፋስ ወይም በፍንዳታ መንቀጥቀጥ ሠራተኛ ላይ ይወድቃል። ደግሞም ያልፈነዳ ድማሚት በቁጥቋጦ ውስጥ ተሰውሮ ሊቀር ስለሚችል፣ የድማሚቱ ሠራተኛ «ግቡ» ሳይል ማንም እግሩን ማንሣት የለበትም። ቁጥቋጦው እንዲመነጠር ከሚያስፈልግባቸው ምክንያቶች ዋናው እንዲያውም ይህ ነው፤ የገደሉን ስንጥቅና የመንገዱን ጠርዝ ከገልባጭ ነጂውና ከጠራቢው ዓይን ይሸፍናል።

ታዲያ ዘሩ ከየት ይመጣል? ከወፍ ሌላ፣ ከጎማ። የገልባጭ ጎማና የዶዘር ሰንሰለት ጭቃ ይዘው ከአንዱ ካባ ወደ ሌላው፣ ከካባው ወደ መንገዱ ሥራ ይዞራሉ። በጭቃው ውስጥ ምን እንዳለ የሚመረምር የለም። የቅንጨ አረም አንዷ እግር ከ10,000 የሚበልጥ ዘር ትሰጣለች፤ ይህ አረም ወደ አገራችን የገባው በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በጦር መኪናዎች ጎማ፣ ወይም ከዕርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሆነ ይነገራል፤ በመጀመሪያ የታወቀውም በድሬዳዋና በሐረር በኩል ነው። አንድ መኪና ከካባ ሲወጣና ሲገባ ጎማው በውኃ የሚታጠብበት አንድ የተወሰነ ስፍራ ቢኖር፣ እዚያ ስፍራ የሚበቅለውም በየሳምንቱ ቢነቀል፣ ከአርባ ተማሪ ገጀራ ይልቅ ይሠራ ነበር።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ሰው ወደ አፋር ይመልከት። ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾሃም ዛፍ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በድሬዳዋ ችግኝ ጣቢያና በመካከለኛው አዋሽ እርሻዎች ሲተከል ጥላና የነፋስ መከላከያ እንዲሆን ነበር። ፍየሉና ከብቱ ጣፋጩን ዘለላ ይበላል፤ ዘሩም ከፋንድያው ጋር በየደረሰበት ይወድቃል። ዛሬ በአፋር ክልል ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሷል፤ የግጦሹን መሬት ዘግቷል። አፋሮች «ደርጊ ሃራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው፤ «ወያኔ» የሚሉትም አሉ። ስሙ ከመንግሥት ጋር ሲለዋወጥ ዛፉ ግን ባለበት ጸንቷል። እሱም ከመሬት በላይ ሲቆረጥ በብዙ ግንድ ይነሣል፤ የሚሞተው ከአፈሩ በታች ገብተው አንገቱን ሲቆርጡት ነው። ይህ ዛፍ ላፍቶ ደርሷል አንልም፤ የላፍቶ ብርድም አይመቸውም። የምንለው፣ አንድ ሰው አሥር እግር ሳለ ያልነቀለውን፣ ሚሊዮን ሲሆን መንግሥትም እንደማይችለው ነው።

አሁን ስለ መጤነት ጀምረን ወደ ተውነው እንመለስ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ነው። የእንጦጦና የአካባቢው እንጨት አልቆ ከተማው ሊሰደድ ደርሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1900 ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበርና። ይህ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ደርሶ አዲስ አበባን በስፍራዋ አቆማት። ጥቂት ቆይቶ ግን ውኃ ይጠጣል፣ መሬት ያደርቃል ተባለና እ.ኤ.አ. በ1913 ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በምትኩ ለሐር ትል የሚሆን የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ወጣ። ማን ፈጸመው? የሐር ትል ቅጠል ወጥ አያበስልም! ትእዛዙ በወረቀት ቀረ፤ ባሕር ዛፉም በኮረብታው ላይ ቀረ።

ይህን የምናነሣው ታሪክ ለማውራት አይደለም። በግንቦት ላፍቶ ስንደርስ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው ጀርባቸው ላይ ያሰሩ አንዲት እናት አገኘን። «እትዬ፣ ዓምና የቆረጥነውን እንጨት ወሰዱት?» ብለን ጠየቅናቸው። «ቅርንጫፉን ከአፈሩ ጋር አቀላቅላችሁ ከመራችሁት፤ ልናወጣው ስንል ዘበኛው ክምሩን እንዳንነካ ከለከለን፤ በሰበሰ» አሉን። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ «ዘንድሮም ልትቆርጡ ነው?» አሉ። ጥያቄያቸው ክስ እንጂ ሰላምታ አለመሆኑ ገብቶናል። ያ ባሕር ዛፍ በእኛ ጽሑፍ መጤ ነው፤ በእሳቸው ምድጃ ግን የምሽቱ እራት ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረችው «ሥራ ለውኃ» የተባለው ዘመቻ ይህን ተረድቶ፣ መጤውን ዛፍ የሚመነጥሩትን ሥራ አጥ ድኾች በደመወዝ ቀጠረ። ሥራው እንጀራቸው ሆነ ማለት ነው። እኛ ግን አንድ ቀን በነፃ ሠርተን የሌላውን ማገዶ አበሰበስን።

ከሩቅ አገር ሌላም ትምህርት አለ። በምዕራብ አውስትራሊያ ጫካ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የአልሙኒየም ማዕድን ሲቆፈር፣ ከጊዜ በኋላ የተገኘው ብልሃት አፈሩን አለመከመር ነው። ከአዲሱ ጉድጓድ የተገፈፈው ላይኛው አፈር በዚያው ትኩስነቱ ሥራው ወዳለቀበት ጉድጓድ ተወስዶ ይለብሳል፤ የነባሩ ዛፍ ዘር ሳይሞት ይበቅላል፤ መጤውም የሚወርሰው ክምር አያገኝም። ላፍቶም ቢሆን ይህ የሚቻለው፣ ነገ የሚገፈፈው መሬት ሳይገፈፍ በፊት ከመጤ ከጸዳ ብቻ ነው። አረሙ በዶዘሩ ፊት እንጂ በዶዘሩ ኋላ አይነቀልም፤ እኛ የሠራነው ሁሉ በዶዘሩ ኋላ ነበር። በዚያው አገር በሲድኒ ከተማ ብራድሊ የሚባሉ ሁለት እኅትማማቾች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሰፈራቸው ጫካ ሲሠሩ ያወቁትም ይህን ይመስላል፤ ነባሩ ዕፅ ደህና ሆኖ መጤው ሳሳ ካለበት ይጀምሩና ነባሩ በራሱ ፍጥነት ሲሰፋ እየተከተሉ ወደ ጥቅጥቁ ይገፋሉ። እኛ ጥቅጥቁን አይተን፣ ጀግና ለመባል፣ ከመካከሉ ነበር የጀመርነው። በነገራችን ላይ፣ ከሕንድ ወገን የሄደ አንድ የግራር ዓይነት በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ የተፈረደበት አረም ነው። እኛ ናፍቀን የምንተክለውን ወገን እነሱ ያሳድዱታል።

ሕግም የለም አይባልም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ባለፈቃዱ የቆፈረውን መሬት መልሶ እንዲያገግም የማድረግ ግዴታ ጥሎበታል። ስለዚህ ተማሪ በነፃ የሚሠራው ሥራ የባለፈቃዱን ዕዳ የሚሰርዝ እንዳይሆን መጠንቀቅ አለብን፤ የጎማ ማጠቢያው፣ መድኃኒቱና የአፈሩ አያያዝ የእሱ ወጪ ነው።

በሰኔ መውረድ ካለብን እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። አርባ ሰው ሳይሆን አሥር ሰው በየአሥራ አምስት ቀኑ ይሂድ፤ ከሳይንስ ፋኩልቲ ዕፅ የሚለይ አንድ ሰው ከሁሉ ፊት ይሂድና በማይነቀለው ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰር። ቀን ዝናብ ዘንቦ ካደረ በማግሥቱ ይሁን። ነገ የሚገፈፈው መሬት ይቅደም፤ ገደሉን አንነካም። የወፍ ቆሎው አበባ እንጂ ፍሬ ሳይዝ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ አፈር በማይነካ ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ ይድረቅ። ግንዱና ጭራሮው መንገድ ዳር ተከምሮ ለእትዬና ለጎረቤቶቻቸው ይሰጥ። የጥቁሩን አፈር ክምር ዓምና እኛ የዘራንበትን ቡቃያ ለቅመን ሰርዶ እናልብሰው፤ ሰርዶ ሥሩን ቆራርጦ መቅበር ብቻ ነው የሚፈልገው፣ በግቢያችንም ሞልቷል። ሥራው ባለቀበት ጥግ ላይ ባዝራ ግራር እንትከል፤ ዘሩ ልጡ ጠንካራ ስለ ሆነ የፈላ ውኃ አፍስሰንበት እስከ ማግሥቱ ካላሳደርነው አይበቅልም፤ ይህን ከአሁኑ በዶርሚተሪያችን መጀመር ይቻላል።

አንድ ነገር ሳንስማማበት ቀርቷል። በካባው መግቢያ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ አለ። ከመካከላችን ሁለቱ ዘር የሚያራግፈው እሱ ስለ ሆነ መጀመሪያ ይውደቅ ይላሉ። ሁለታችን ደግሞ በቀትር ጠራቢዎቹ ምሳቸውን የሚበሉት ከሥሩ ተቀምጠው መሆኑን ስላየን፣ በዚያ ካባ ሌላ ጥላ ስለሌለም፣ ግራሩ ሰው እስኪያስጠልል ይቆይ እንላለን። ዘበኛውን ብንጠይቃቸው ዛፉን ቀና ብለው አዩትና «እናንተ ግራሩን ትከሉ፤ እኔ እነግራችኋለሁ» አሉን።